የአባታችንን ሜዳይ አንብበው ለነገሩን የሃምሳ አለቃ የቀረበ ምስጋና

እናታችን ባለፈው ዓመት ካረፉ በኋላ፣ ተዝካራቸው ባለፈ በሳምንቱ፣ እኔና ወንድሞቼ የኮሎኔል አባታችንን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትነው። ከታጠፈው የደንብ ልብስ ሥር ሁለት ሜዳዮችና በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ባዶ ሪባን አገኘን። የመጀመሪያውን ሜዳይ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው። ሪባኑ 17 ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመሮች የሚፈራረቁበት ሲሆን፣ በኮሪያ ለተዋጉት ኢትዮጵያውያን የቃኘው ዘማቾች የተሰጠው በመሆኑ ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ሁለተኛውን ግን ማናችንም አናውቀውም ነበር። የነሐስ ሜዳይ ነው፤ በፊቱ የዓለም ካርታ በወይራ ቅርንጫፍ ተከቦ ይታያል፤ የሪባኑ መሃል ሰፊ አረንጓዴ ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለው ሪባን ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ በሁለቱ ጠርዞቹ አጠገብ አንዳንድ ቀጭን ነጭ መስመር አለው።

መጀመሪያ ያሳየነው አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከአንድ ደቂቃ በላይ አላየውም። «ይህም የኮሪያ ነው፤ ሪባኑ ግን ከሌላ ተነቅሎ የተሰፋ ነው» ካለን በኋላ፣ አጽድቶና አስወልውሎ እንደሚገዛን ነገረን። ወንድሜ ሊስማማ ምንም አልቀረውም ነበር። ያን ቀን ባለመሸጣችን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ በኋላ በዘመድ ጥቆማ ያገኘናቸውን ሰው ለማመስገን ነው። በሠራዊቱ የልብስ ስፌት ክፍል ረጅም ዘመን ያገለገሉ ጡረተኛ የሃምሳ አለቃ ናቸው፤ ዛሬም በቤታቸው በረንዳ ላይ ማዕረግ፣ መለዮና የሜዳይ ሪባን ይሰፋሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ቃላቸውን አከብራለሁ።

ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ሜዳዩን በጠርዙ ብቻ ይዘው አነሡት፤ በማጉያ መነጽር አገላብጠው ካዩት በኋላ ጀርባውን አነበቡልን። በእንግሊዝኛ «በሰላም አገልግሎት» የሚል ትርጉም ያለው አጭር ጽሑፍ ነበረበት። «እህቴ፣ የኮሪያው እንዲህ አይልም፤ እሱ የሚናገረው የመንግሥታቱን ቻርተር መርሆች ስለ መከላከል ነው። ይህ የኮንጎ ሜዳይ ነው» አሉኝ። ቀጥለው ሪባኑን አስረዱን፦ አረንጓዴው ተስፋንና የኮንጎን ተፋሰስ፣ ነጩ የሰላም ተልዕኮውን፣ ዳርና ዳር ያለው ሰማያዊ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የሚያመለክት ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ነጋዴው ዞር ብሎ ያላየውን ባዶ ሪባን የመረመሩበት መንገድ ነው። ጨርቁ በጠቅላላው ደብዝዟል፤ መሃሉ ላይ ግን ከጣት የቀጠነች አግዳሚ ቦታ ሰማያዊነቷ እንደ አዲስ ነው። እሳቸው እንዳብራሩልን፣ የኮንጎ ዘማቾች በመጀመሪያ ይሰጣቸው የነበረው ይህ ሰማያዊ ሪባን «ኮንጎ» የሚል ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተደርጎበት ነበር፤ አረንጓዴው የተተካው በፈረንጆቹ 1963 ነው። ያቺ ያልደበዘዘች ቦታ ሰሌዳው ለዓመታት ብርሃን የከለለባት ናት። ስለዚህ አባታችን ከለውጡ በፊት ዘምተው፣ በኋላ ሪባኑ ሲቀየር አሮጌውን ሳይጥሉ አስቀምጠውት ኖረዋል ማለት ነው።

ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አሉኝ። «አንቺን ስወልድ አባትሽ ዘምተው ነበር» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ኮሪያ ነው ብዬ አስብ ነበር። ነገር ግን የኮሪያ ጦርነት የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የተወለድኩት ደግሞ በየካቲት 1954 ዓ.ም. ነው። የኮንጎው ተልዕኮ ከሐምሌ 1952 እስከ ሰኔ 1956 ዓ.ም. የቆየ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ጦር የጠቅል ብርጌድ ልጆች የተሰማሩት በዚያ ነው። በኮሪያ ዘማቹን ጦራችንን የመሩት ከበደ ገብሬም በፈረንጆቹ ከ1962 እስከ 1963 በኮንጎ የመላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ነበሩ። ስለ ቃኘው ብዙ ይወራል፣ የሚገባውም ነው፤ ስለ ኮንጎ ዘማቾች ግን በየቤቱ ዝም መባሉ ያሳዝነኛል። እኛም ቤት ዝም ተብሎ ነበር።

የሃምሳ አለቃው የጠየቁን ዋጋ የክርና የመደገፊያ ካርቶን ብቻ ነው። ሜዳዩን በፍጹም እንዳናስወለውል፣ በሎሚም ሆነ በአመድ እንዳንነካው አስጠነቀቁን፤ የነሐሱ ጥቁረት የዕድሜው ምስክር ነው አሉን። የአባት ወይም የአያት ሜዳይ ያላችሁ ሰዎች ከመሸጣችሁ በፊት እሳቸውን እንድታማክሩ ከልቤ እመክራለሁ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ አድራሻቸውን እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ስትሄዱ ባዶ ሪባንም ቢሆን፣ የደንብ ልብስ ፎቶግራፍም ቢሆን፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለቱን ሪባኖች ጎን ለጎን ሰፍተው ሲያስረክቡን፣ ወንድሜ በካርቶኑ ጀርባ «ኮንጎ፣ 1954 ዓ.ም.» ብለው እንዲጽፉልን ለመናቸው። «ኮንጎን በቀለም እጽፋለሁ፤ ዓመቱን ግን ከአባታችሁ የአገልግሎት ማኅደር እስክታረጋግጡ በእርሳስ ይቆይ» ብለው እንዳሉት አደረጉ። ማኅደሩ እንዲታይልን ማመልከቻ አስገብተናል።