ግቢያችንን በአበባ ለሞሉልን አትክልተኛ ምስጋና

ኮተቤ፣ ላምበረት፣ ሲኤምሲ አካባቢ ያላችሁ አበባ ወዳዶች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሳር የሚያጭድ ሞልቷል። አጥር የሚከረክምም አይጠፋም። ፔቱኒያና ዚኒያ የት ጋ እንደሚቆረጥ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ግን ጭንቅ ነው። እኛ አግኝተናል፤ ለብቻችን መያዝ ደግሞ ነውር መስሎ ታየኝ።

ቤት ውስጥ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከሳቸው በፊት ይመጣ የነበረው ልጅ በትልቁ የአጥር መቀስ የአበባ መደቡን ሁሉ እኩል አድርጎ ይከረክምና እምቡጡንም የጠወለገውንም አንድ ላይ ጠርጎ ይሄዳል፣ እማዬ ደግሞ እንደገና ችግኝ ልትገዛ ትወጣለች። ጋሼ መጀመሪያ የመጡ ቀን መቀስ እንኳ አላወጡም። መደቡን ዞረው አዩ፣ ቁጭ ብለው ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «እትዬ፣ አበባው አላረጀም፣ ዘር ይዞ ነው» አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ፔቱኒያና ዚኒያ ያለው የአንድ ዓመት አበባ ከዘር ይበቅላል፣ ያብባል፣ ዘሩን አድርሶ ይሞታል። ዘር መያዝ ከጀመረ ማበቡን ይቀንሳል። የጠወለገውን ቶሎ ቶሎ ካነሳችሁለት ግን ዘር ለማድረስ ሲል ደጋግሞ ያብባል። ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ አነሳሱ ላይ ነው ችግሩ። ፔቱኒያ ላይ የጠወለገውን ባለቀለሙን ክፍል ብቻ ከነጨን ምንም አልሰራንም፤ ዘሩ ያለው ከሥሩ በምትቀረው ትንሽ አረንጓዴ ቋት ውስጥ ነው። ጋሼ እሷን ከነአንገቷ በጥፍራቸው ቀንጠስ ያደርጓታል። ዚኒያና ኮስሞስ ላይ ደግሞ ወደ ታች ወረድ ብለው ቅጠል ከወጣበት አንጓ ከፍ አድርገው ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ከአንጓው አዲስ ቀንበጥ ይመጣል። ኢምፔሸንስ የሚባለውን አበባ ግን አይነኩትም፣ እሱ የጠወለገውን ራሱ ያራግፋል።

እማዬን ያስደነገጣት የነሐሴው ሥራቸው ነበር። ፔቱኒያው በክረምቱ ዝናብ ተንዘላዝሎ፣ መሃሉ ባዶ ሆኖ፣ አበባው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጋሼ ከቅርንጫፎቹ ግማሾቹን እስከ ወገባቸው ቆረጡና የቀሩትን እንዳሉ ተዉአቸው። «ገደሉት!» አለች እማዬ። የተቆረጠው ማቆጥቆጥ ሲጀምር ተመልሰው የቀረውን ቆረጡ፣ ስለዚህ መደቡ አንድም ቀን ራቁቱን አልቀረም። አሁን መጥታችሁ ብታዩት ከሥር እስከ ጫፍ አበባ ነው።

ንጽህናቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ሲሄዱ መቀሱን በአልኮል ይጠርጋሉ። ሲጋራ የነካ እጅ ሳይታጠብ ፔቱኒያ እንዲነካም አይፈቅዱም፣ ወንድሜን ሁለቴ ወደ ቧንቧው መልሰውታል። እውነታቸውን ነው፤ ፔቱኒያ ከትምባሆና ከቲማቲም ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ የትምባሆ ቫይረስ በእጅ ሊተላለፍበት ይችላል። የታመመውን ቅጠል ለብቻው ያነሱታል፣ ኮምፖስቱ ውስጥ አይጨምሩትም።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈርም ምክራቸው ጠቅሞናል፦ ጠዋት ጠዋት፣ ከሥሩ፣ ቅጠሉን ሳያርሱ ማጠጣት። በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ ይልቅ አፈሩ ሲደርቅ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል ይላሉ።

ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ጥቂት የሜሪጎልድና የኮስሞስ ራሶች ሳይቆርጡ እዚያው ግንዱ ላይ ያደርቁና ዘሩን በወረቀት ፖስታ አድርገው ለእማዬ ይሰጧታል። ተዳቅሎ የተሸጠ ዘር በሚቀጥለው ዓመት እናቱን ላይመስል እንደሚችልም አስቀድመው ይነግሯችኋል። ችግኝ አስገዝተው የሚጠቀሙ ሰው አይደሉም፤ ሊድን የሚችለውን ንቀሉ አይሏችሁም።

ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ሥራቸው ቀስ ያለ ነው፣ በአንድ ሰዓት ግቢው እንዲያልቅ የምትፈልጉ ከሆነ አትስማሙም። ዛፍ ላይም አይወጡም። ዋጋቸው ተመጣጣኝ ነው፣ ግቢያችሁን ሳያዩ ግን ሂሳብ አይናገሩም።

ጋሼ፣ እማዬ ጠዋት ቡናዋን ይዛ መደቡ አጠገብ የምትቀመጠው በእርስዎ ምክንያት ነው። እድሜና ጤና ይስጥልን። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ቅዳሜያቸው ቶሎ ስለሚያዝ ቀደም ብላችሁ ደውሉላቸው።