አሮጌውን ሃያሳችንን ለዓባይ በረሃና ለተሳቢ ላበቁልን መካኒክ፦ ምስጋናና ጥቆማ

መኪናው የ2006 እ.ኤ.አ. ስሪት፣ ባለ 5ኤል ሞተር ሃያስ ነው። ሥራው ድንኳን፣ ወንበርና የወጥ ቤት ዕቃ ጭኖ፣ ከኋላው 600 ኪሎ የሚመዝን ባለ አንድ አክስል ተሳቢ እየጎተተ ከአዲስ አበባ ጎጃምና ጎንደር መመላለስ ነው። ለዚህ እንዲበቃ ያደረጉልንን መካኒክ በአደባባይ እናመሰግናለን። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። እዚህ የምንዘረዝረው ሥራቸውን ነው። «ጎበዝ ናቸው» ብቻ ብሎ መጠቆም መኪናውን ለሚሰጥ ሰው አይበቃውም።

እኛ የጠየቅናቸው ጉልበት ነበር፤ «የናፍጣ ፖምፓውን ትንሽ ክፈቱልን» አልን። እምቢ አሉ። ከሁሉ በፊት የምናመሰግናቸው በዚህ እምቢታ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል። 5ኤል 2,986 ሲሲ ቢሆንም ቱርቦ የለውም፤ የሚያገኘው አየር ያው የሳሳው ነው። በዚህ ላይ ናፍጣ ሲጨመርለት ትርፉ በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) በቫልቮቹ መካከል ሊሰነጠቅ ይችላል። ፖምፓው ላይ ያለችውን አንድ ብሎን ለማዞር የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው። እሳቸው ፖምፓውን ሳይነኩ የአየር ማጣሪያውን ቀየሩ፤ አራቱንም ኖዝሎች (ናፍጣ መርጫዎች) አውጥተው በመሞከሪያ ማሽን ላይ አዩአቸው። ሁለቱ ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ትተው ያንጠባጥቡ ነበር። ሁለቱ ሲቀየሩ ጭሱ ጠራ፣ የጠፋው ጉልበትም ተመለሰ።

ቀጥለው የሄዱት ወደ ማቀዝቀዣው ነው። የሃያስ ሞተር ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሚቀመጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው በ80ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፦ 0.9 የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ከያዘ ውሃው 110 ዲግሪ ሳያልፍ አይፈላም። ጎማው የደረቀና ሞላው የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል፤ ደህና ራዲያተር ያለው መኪና መንገድ ላይ ይፈላል። ስንት ሰው በክዳን ችግር ራዲያተር ገዝቷል! የእኛን ክዳን በግፊት መለኪያ ፈትሸው እንደማይዝ ካሳዩን በኋላ ነው የቀየሩት።

ቬንትላተሩንም በቀላሉ አላለፉትም። መሃሉ ላይ ያለው ድስት መሳይ ነገር ውስጡ የሲሊኮን ዘይት አለው፤ ሙቀት ሲጨምር ቬንትላተሩን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ዘይቱ ካለቀ ቬንትላተሩ ሲዞር ይታያል፣ ንፋስ ግን አይስብም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ በእጅ ግፉት። እየከበደ ቶሎ ከቆመ ደህና ነው፤ ያለ ሃሳብ ደጋግሞ ከዞረ አብቅቶለታል። በዓባይ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስትወጡ ከፊት የሚመጣ ንፋስ ስለሌለ ራዲያተሩ የሚተነፍሰው በቬንትላተሩ ብቻ ነው። በዙሪያው ያለው የፕላስቲክ ከለላም ተሰብሮ ወድቆ ነበር። ያለ እሱ ቬንትላተሩ ከሞተሩ በኩል ያለውን የጋለ አየር መልሶ ይስባል፤ ስለዚህ ከላሜራ ቆርጠው ሠሩለት።

በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ መቀየር ስለነበረበት ቴስታታው ወረደ። እዚህ ላይ የብዙ ጋራዥ ስህተት አሮጌውን የሚመስል ጓርኒሲዮን ገዝቶ መግጠም ነው። የ5ኤል ጓርኒሲዮን በሦስት ውፍረት ይመጣል፤ የሚመረጠው ፒስቶኖቹ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚሉ ተለክቶ ነው። ቀጭኑ ከተገጠመ ፒስቶንና ቫልቭ ይቀራረባሉ፤ ወፍራሙ ከተገጠመ እመቃው ይቀንስና ጠዋት ማስነሳት ይቸግራል። አራቱንም ፒስቶኖች ሰዓት በሚመስል መለኪያ ለክተው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡን። ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያሠራውን የታይሚንግ ቤልትም ከነመወጠሪያ ኩሽኔቱ አብረው ቀየሩ። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዚህ ቤልት ማስታወሻ፣ የቲ-ቤልት መብራት፣ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ቤልቱን አያየውም፣ ሰውም በቀላሉ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ያገለገለ ሃያስ የገዛችሁ መብራቱን አትመኑ፤ ቤልቱ ከተበጠሰ ፒስቶኑ ቫልቭ ይመታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፍሬኑ ሥራ ነው። ከጎሃ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ድልድዩ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። የእኛ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ስለሌለው እሱንም የሚይዘው ሃያሱ ነው። ለተሳቢው ሲባል ከሃያሱ ኋላ በየጎኑ አንድ አንድ ባሌስትራ (ጭነት ተሸካሚ የብረት ንጣፍ) ተጨምሯል። ባሌስትራ ያስጨመረ ሁሉ ቀጥሎ ያለውን ልብ ይበል። ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ጭነቱን አይቶ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ። ባሌስትራ ሲጨመር የመኪናው ጀርባ ከፍ ይላል፤ ቫልቩ ደግሞ «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ የኋላውን ግፊት ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወርድ መኪና በፊት ፍሬን ብቻ ይቆማል፤ ዲስኩ ይግላል፣ የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። መኪናውን እንደ ጉዞው ጭነው፣ የኋላውን ግፊት በመለኪያ እያዩ የዘንጉን ርዝመት አስተካከሉ። የፍሬኑንም ዘይት ሙሉ በሙሉ አውጥተው በዶት 4 ተኩት፤ አዲሱ ከ230 ዲግሪ በፊት አይፈላም፣ እርጥበት የጠጣው ግን ወደ 155 ይወርዳል። የኋላ ታምቡሮች ሲከፈቱ በአንደኛው በኩል የዲፈረንሻል ዘይት የፍሬን ሸራውን አርሶት ተገኘ። ዘይት መያዣ ጎሚኒውን ቀይረው ሸራውን በሁለቱም ጎን አዲስ አደረጉት። አንዱን ብቻ መቀየር መኪናውን ወደ ጎን ያስጎትታል።

የተሳቢው መያዣ ከባምፐሩ ጋር አልተበየደም፤ በሁለቱም የሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) ክንዶች ላይ በ12 ሚሊ፣ 10.9 በተባለ ጥንካሬ ባላቸው ብሎኖች ታሰረ። ሻንሲው ባዶ ሳጥን ስለሆነ ብሎን ሲጠብቅ ይጨመደዳል፤ ስለዚህ በውስጡ የብረት ቱቦ እየከተቱ ነው ያሰሩት። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ መልሰን አምጥተን አጠበቁት። ተሳቢው ሲጫን አፍንጫው በመያዣው ኳስ ላይ ከ60 እስከ 70 ኪሎ እንዲያርፍ በሰው ሚዛን ለክተው አሳዩን፤ ከዚያ ከቀለለ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ለተሳቢው መብራት የራሱ የመሬት (ኔጋቲቭ) ሽቦ ዘረጉለት፤ ኳሱ ራሱ መሬት ይሆናል ብሎ መተው ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻ የሚያበራ መኪና ያመጣል።

ፍሪሲዮኑና ጎማው ብዙ አያነጋግሩም፦ የፍሪሲዮኑ ዲስኮ፣ እሱን የሚጫነው ስፒንጂ ዲስኮና ኩሽኔቱ አብረው ተቀየሩ፣ ዲስኮው የሚያርፍበት ቮላኖ ፊቱ እንዲስተካከል ቶርኖ ቤት ሄደ፤ ጎማው ሲ ምልክት ያለው የጭነት ዓይነት ሆነ።

አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ፤ ይቆያሉ። ለሳምንት የተባለው ሥራ አሥራ አንድ ቀን ወሰደ፤ ትክክለኛው ጓርኒሲዮን እስኪገኝ ሌላ ለመግጠም ፈቃደኛ አልነበሩም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን አድርገው መልሰውልናል። ወደ እሳቸው የምትሄዱ መኪናውን ማታ ወስዳችሁ አሳድሩት፤ ቬንትላተሩንም፣ የጠዋት አነሳሱንም ማየት የሚፈልጉት ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዳደረ ነው። ተሳቢ ካላችሁ እሱንም እንደተጫነ ይዛችሁ ሂዱ።