ከአራት ኪሎ ግቢ እስከ ባቦጋያ፦ ያገለገለ ባለ ፔዳል ካያክ ስገዛ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ሰዓት እጠግናለሁ። ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ስለምውል ሐኪሙ «እግርህን አንቀሳቅስ» አለኝ፤ ጉልበቴ ደግሞ ሩጫ አይወድም። ቢሾፍቱ ሄጄ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ አንድ ሰው እንደ ሳሎን ወንበር ተደላድሎ ተቀምጦ፣ በእግሩ ጀልባ እየነዳ በእጁ መንጠቆ ሲጥል ያየሁ ዕለት ልቤ እዚያው ቀረ።

ደላላ ያገኘልኝ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ነው። ከአሜሪካ የተመለሰ ወጣት ከቤት ዕቃው ጋር በኮንቴይነር ያስገባቸው እንደዚያ ያሉ ሁለት ካያኮች (ጠባብና ረጅም ትንንሽ ጀልባዎች) አጥር ተደግፈው ቆመዋል። አንደኛው ባለ ክንፍ ነው። ሆቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ባስተዋወቀው ዘዴ፣ ፔዳሎቹ አይሽከረከሩም፤ በየተራ ወደ ፊት ሲገፉ ከሆዱ ሥር ሁለት ክንፎች ግራና ቀኝ ይመታሉ። ሁለተኛው ባለ ውልብልቢት (ባለ ፕሮፔለር) ነው፤ እንደ ብስክሌት ይረገጣል፣ ወደ ኋላ ሲረግጡትም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ደላላው ባለ ውልብልቢቱን እየዳበሰ «አዲስ ነው ጋሼ፣ ብዙም አልተነዳ» አለኝ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ጀልባ ግን ከኋላው በቀኝ በኩል የታተመ ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ አለው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉን ዓመት ይናገራሉ። አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠርጌ የሥራ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ስሰካ 14 ይላል። ደላላው ደስ አለው፤ «ይኸው! 2014 ዓ.ም. ማለት ትናንት አይደለም እንዴ?» የፈረንጆቹ 14 እንጂ የእኛ አለመሆኑን ሳስረዳው ወጣቱ አንገቱን ደፋ። 180 ሺህ ብር የተጠራው ዋጋ ወደ 150 ሺህ የወረደው እዚያ ላይ ነው።

ወደ ገላው ልለፍ። አብዛኛው ባለ ፔዳል ካያክ የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ነው፤ በየግቢያችን ከተሰቀለው ሮቶ ጋር የአንድ እናት ልጅ ማለት ነው። ሮቶ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ቧንቧ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ እንደሆነ ውኃ የጠፋበት ሰው ሁሉ ያውቃል። ካያክም እንደዚያው ነው። ሆዱ ላይ ያለው ጭረት አሸዋ ላይ ሲጎተት የመጣ ነውና ብዙ አያስጨንቅም። የሚያስፈራው የፔዳሉ ማሽን በሚገባበት ጉሮሮ ዙሪያና ውኃ በሚወርድባቸው ቀዳዳዎች ጠርዝ ላይ የምትታይ ፀጉር የምታክል መስመር ናት፤ የእግር ጉልበት ሁሉ የሚያርፈው ጉሮሮው ላይ ነው። እዚያ ቦታ ማስቲሽ ወይም ሌላ ማጣበቂያ ተቀብቶ ካያችሁ ተዉት። ፖሊኢትሊን ማጣበቂያ አይወድም፤ በሙቀት መበየድ አለበት፣ ጉሮሮ ላይ የተበየደ ደግሞ እኔ አላምነውም።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ፕላስቲክ ትበላለች። ስለዚህ መዳፌን ገላው ላይ አሸት አድርጌ አየሁ፤ ነጭ ዱቄት ከያዘ ሲጠወልግ ኖሯል ማለት ነው። የሁለቱም ደህና ነበር።

ቀጥሎ ወጣቱን «ልጄ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ ስጠኝ» አልኩት። ካያክ ውኃ እንዳይገባበት ነው የተሠራው፣ እኔ ደግሞ ውስጡ ላፈስ ነው፤ ግራ ገባው። ካያኮቹን በተራ ሁለት አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ አስቀምጠን፣ ከሥር ጋዜጣ አንጥፈን፣ ውኃውን በክዳኑ በኩል ጨምረን ወዲያና ወዲህ አዘነበልነው። ወደ ውስጥ የሚያስገባ ስንጥቅ ወደ ውጭም ያስወጣል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከባለ ክንፉ ጉሮሮ ሥር ጋዜጣው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል እርጥበት ታየ። ያማረ ቀለም ነበረው፤ አዘንኩ፣ ግን ተውኩት። የባለ ውልብልቢቱ ጋዜጣ እንደ ደረቀ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው የራሴ ሙያ ነው። ማሽኑን ከጉሮሮው አውጥቼ ጆሮዬ አጠገብ ይዤ በቀስታ አሽከረከርኩት። ጤነኛ ጥርስ ዝም ይላል፤ ይሄኛው አሸዋ እንደሚያኝክ ሰው ያንሾካሹካል። ከታች ያለችውን ትንሽ ቪቴ ፈትቼ ዘይቱን ጠብ ሳደርገው ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ዘይት እንዲያ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። ከየት? ውልብልቢቱን ስነቅለው ዘንጉ ላይ አረንጓዴ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ፣ ዘይት የሚይዘውን ጎማ እንደ ምላጭ ቆርጦታል። በሰዓት ወረንጦዬ ክሩን እየጎተትኩ ሳወጣ አንድ ክንድ ያህል ሆነ።

ይህ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ግን ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ቁጥሩን ይዤ መርካቶ ስሄድ እሱም ጎማውም በአንድ ከሰዓት ተገኙ፣ 1,400 ብር። የማይገኘው ውልብልቢቱ ራሱ ነው። ምላሱ ቢሸረፍ ወይም ዘንጉ ቢጎብጥ እዚህ ከተማ ውስጥ መለዋወጫ ጠይቄ ያገኘሁበት ሱቅ የለም፤ ስለዚህ እነሱን በጣት ዳብሱ፣ አሽከርክራችሁም መወላገዳቸውን በዓይን ተከታተሉ። የመሪው ገመድ ግራና ቀኝ ሳይዝ ከሄደ በቂ ነው። ወንበሩ ተቀዷል፤ ልብስ ሰፊ አለ።

ስንት ይመዝናል ብላችሁ አትጠይቁ፣ ከነማሽኑ ሁለት ሰው ይፈልጋል። የእኔ ቪትዝ ላይ ፖርቶ መጋላ አስገጥሜ ተደፍቶ ሲታሰር ከመኪናዋ የሚያጥር አይመስልም። ገመዱን ከመጠን በላይ አታጥብቁ፤ ፀሐይ ላይ ገላው ይጎደጉዳል።

ቅዳሜ ጠዋት ባቦጋያ አስገባሁት። የሕይወት ጃኬት ከካያኩ ጋር አልመጣም፣ ለብቻው ገዛሁ፤ ሐይቁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ ከዳር ብዙም ሳይርቁ መሬቱ ይጠፋል። አንድ ሰዓት ተኩል ረገጥኩ፤ ማሽኑ ዝም አለ፣ ጉልበቴም ዝም አለ። ወጥቼ ክዳኑን ስከፍት ውስጡ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ውኃ አገኘሁ። የገባው በክዳኑ ጎማ በኩል ነው፤ እሱን በሳምንቱ እቀይረዋለሁ።