ስፔን፣ ሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሴሚስተር ሕግ ተምሬ ጨረስኩ፣ ያስጨረሱኝን መምህር ላመስግን

ይሄን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ውጤቴ ተጠናቆ ይምጣ ብዬ ነው የዘገየሁት። ትናንት መጣ። አምስቱንም ኮርስ አልፌያለሁ፣ እያንዳንዱ 6 ክሬዲት ነው፣ የሴሚስተሩ 30 ክሬዲት ሞላልኝ ማለት ነው። ሁለቱ ኖታብሌ ናቸው (እዛ ከ10 ነው የሚታረመው፣ 5 ማለፊያ፣ ከ7 ጀምሮ ኖታብሌ፣ ከ9 ጀምሮ ሶብሬሳሊዬንቴ)። እንዳየሁት መጀመሪያ የደወልኩት ለቤተሰብ እንኳን አይደለም፣ ለመምህሬ ነው።

የሕግ ስፓኒሽ ነው የሚያስተምሩት፣ በኦንላይን። ድሮ ጠበቃ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። በስፓኒሽ "ቱ" ብዬ አንቺ እንድላቸው ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው፣ ስፔን ውስጥ ብዙ ተማሪ ፕሮፌሰሩንም እንደዛው ነው የሚጠራው፣ በአማርኛ ሳወራ ግን አንቱ ካላልኳቸው ደስ አይለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ስሄድ ስፓኒሽ እችል ነበር። የቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ የቋንቋ ደረጃ) ወረቀት አለኝ፣ ቤት በራሴ ተከራየሁ፣ ባንክ ሄጄ ጉዳዬን ጨረስኩ። ከመሄዴ በፊት ደግሞ "ስፓኒሽ ለሕግ ተማሪዎች" የሚል ኮርስ ከፍዬ ወስጃለሁ፣ የማን እንደሆነ መናገር አልፈልግም፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ራስን ማስተዋወቅና ምግብ ማዘዝ ነበር ያስተማሩን፣ እስካሁን ያናድደኛል። ታዲያ የመጀመሪያው ሳምንት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ክፍል ገብቼ ቁጭ አልኩ፣ ቃላቱን ለየብቻ አውቃቸዋለሁ፣ ተገጣጥመው ሲመጡ ግን ምንም አይገባኝም። "አውቶ" ሲባል እኔ የማውቀው መኪና ነው፣ ለካ ፍርድ ቤት ውስጥ የዳኛ ትእዛዝ ነው። "ፋዮ" ስህተት ወይ ብልሽት ብዬ ነው የያዝኩት፣ ለካ የፍርዱ ውሳኔ የሚሰፍርበት ክፍል ነው። "ሳላ" ሳሎን መስሎኝ ችሎት ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የባሰብኝ "ካሳር" የሚለው ግስ ነው፣ ማግባት ማለት እኮ ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የበታች ፍርድ ቤቱን ፍርድ "አገባው" ይላል ወረቀቱ፣ እኔ አንዷ ገጽ ላይ ሁለት ሰአት ፈጀሁ። ያን ቀን ማታ ሴሚስተሩን ትቼ ልመለስ ነበር የወሰንኩት።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ናት ከሳቸው ጋር ያገናኘችኝ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይሄው ካሳር ነበር። ሁለት ቃል ነው አሉኝ፣ አጻጻፋቸው ቢገጥምም ዘራቸው ይለያያል፣ ማግባት የሚለው ቤት ከሚለው ቃል የወጣ ነው፣ ፍርድ መሻሩ ደግሞ ባዶ ከሚል የላቲን ቃል። እኔም በአማርኛ እንዲህ ፍርድ የሚሽረውን ችሎት ሰበር እንደምንለው፣ ቃሉም ከመስበር እንደመጣ ነገርኳቸው። በጣም ወደዱት፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

አስተማሪ ፍለጋ ለምትቸገሩ አሰራራቸውን በደንብ ልንገራችሁ። በሳምንት ሁለቴ አንድ አንድ ሰአት ነው፣ መማሪያ መጽሐፍ የለም፣ አንድ እውነተኛ ፍርድ ይልኩልኛል። የስፔን ፍርድ ፍሬ ነገሩ (አንቴሴዴንቴስ ዴ ኤቾ)፣ ከዛ የሕግ ምክንያቱ (ፉንዳሜንቶስ ዴ ዴሬቾ)፣ ከዛ ፋዮው እያለ ነው የሚሄደው፣ እሳቸው ግን ከፋዮው ነው የሚያስጀምሩኝ። "መጀመሪያ ማን እንደረታ እወቂ፣ ከዛ ለምን እንደረታ ተመልሰሽ ፈልጊ" ይላሉ። አንዱ አረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ሊሆን ይችላል፣ ግሱን አግኝቼ ሳላሳያቸው አንድም ቃል አይተረጉሙልኝም። እኔ ለካ ሳላውቀው የአረፍተ ነገሩን ጭራ ነበር የማሳድደው፣ የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣላ፣ የነሱ ደግሞ መሀል ላይ በኮማ ተከቦ ተቀምጧል። ይሄን ችግሬን ያወቁት እሳቸው ናቸው፣ አማርኛ ሳያውቁ፣ የምሰምርበትን መስመር እያዩ ብቻ። ከዛ በኋላ ንባቤ በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ሆነ።

ምህጻረ ቃሎቹንም እንዲሁ። ኤሴ ቴ ሴ ካለ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፍርድ ነው፣ ኤሴ ቴ ኤሴ ካለ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አንዷን ፊደል ከሳትሽ ሌላ ተቋም ውስጥ ነሽ ይሉኛል፣ ምክንያቱም የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ 12 ዳኞች ያሉት ከመደበኛው የዳኝነት አካል ውጪ የቆመ ተቋም ነው። ሌይ (ሕግ) 1/2000 ሲባል ቁጥሩ በ2000 የወጣው የመጀመሪያው ሕግ መሆኑን ነው የሚነግርሽ፣ እሱም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ነው። ውድ የሕግ መጽሐፍ ልገዛ ስል ደግሞ አስቆሙኝ፣ ቦኤ የሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ዌብሳይት ላይ ሕጎቹ ማሻሻያቸው ገብቶ በነጻ ይወርዳሉ።

አንዴ ለክፍል የፍርድ ትችት ጻፍኩ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው (የ1889 ነው፣ እስካሁን ይሰራል) አንቀጽ 1 ላይ የሕግ ምንጮች ሕግ፣ ልማድና አጠቃላይ የሕግ መርሆዎች ናቸው ስለሚል የፍርድ ቤት ውሳኔ ቦታ የለውም ብዬ ደመደምኩ። ከማስገባቴ በፊት አዩትና "ንኡስ 6ን አንብቢ" ብለው ብቻ መለሱልኝ። ሳነበው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተደጋጋሚ አቋም ሕጉን ያሟላል ይላል። ድምዳሜዬ በሙሉ ፈረሰ፣ ሌሊቱን እንደገና ጻፍኩት፣ ከሁለቱ ኖታብሌ አንዱ በዚህ ጽሁፍ የመጣ ነው።

ሳላማንካን ደግሞ እንድወዳት ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ሕግ ፋኩልቲው ያለበት ካምፓስ ላይብረሪ በፍራንሲስኮ ዴ ቪቶሪያ ስም ነው የተሰየመው፣ እኔ ለወራት ስሙን በሩ ላይ እያየሁ ማለፍ ብቻ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እዛው ሳላማንካ ያስተማረ፣ የዓለም አቀፍ ሕግን መሰረት ከጣሉት የሚቆጠር ሰው መሆኑን ሲነግሩኝ የምማርበት ቦታ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፣ ዩኒቨርሲቲው እኮ ከ1218 ጀምሮ ያለ ነው። ጥር ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ እኔ ከላይብረሪው በር ውጪ ቆሜ ስደውልላቸው "ግቢና ሞቅሽ ደውይ" ብለው ይዘጉብኝ ነበር። ከቃል ፈተናዬ በፊት ባለው እሁድ ሁለት ሰአት ሙሉ እንደ ፈታኝ ሆነው አፋጠጡኝ፣ የዛን ቀን ክፍያ አልቀበልም አሉ።

ለማን ይሆናሉ? ስፓኒሽ ከዜሮ ለሚጀምር አይሆኑም፣ ቢያንስ ቢ1 ይፈልጋሉ። የቪዛና የምዝገባ ወረቀት ውስጥ አይገቡም። ሰአት ላይ ጥብቅ ናቸው፣ አስር ደቂቃ ካረፈድሽ ያ ሰአት ተቃጠለ። ወደ ላቲን አሜሪካ የምትሄዱም ጠይቋቸው፣ የቃሉን ልዩነት ያውቁታል፣ ለምሳሌ መሰረታዊ መብትን ለማስከበር የሚቀርበው አቤቱታ ስፔንና ሜክሲኮ አምፓሮ ይባላል (ሥርአቱ ግን አንድ አይደለም)፣ ኮሎምቢያ ከ1991 ሕገ መንግሥት ጀምሮ ቱቴላ ነው፣ ቺሊ ደግሞ ፕሮቴክሲዮን።

የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ የየት ዩኒቨርሲቲና ምን ምን ኮርስ እንደያዛችሁ ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ብዙ ተማሪ ባንዴ ስለማይዙ ሴሚስተሩ ሳይጀመር ቀደም በሉ።

መምህር፣ አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ። ነገ ወደ ስፓኒሽ መልሼ እልክልዎታለሁ፣ ግሱን መሀል አድርጌ።