የማንን ማሊያ እንግዛ? ዉድ፣ አሎንሶ፣ ሶቶ ወይስ ሃርፐር

የቤዝቦሉ ፍጻሜ ወርልድ ሲሪስ ካለቀ ጀምሮ እስከ ስፕሪንግ ትሬኒንግ (ከሲዝኑ በፊት ያለው ልምምድ) ድረስ ጨዋታ የለም ግን ክርክሩ ከጨዋታው ይብሳል፣ ማን ፈረመ፣ ማን በትሬድ (ቡድኖች ተጫዋች ሲለዋወጡ) ሄደ፣ የቡድን ባለቤቶች ለምን ብር አያወጡም እያልን ነው ብርዱን የምናሳልፈው። ልጆችም ማሊያ ግዙልን የሚሉት በዛው ሰሞን ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ላለን ሰዎች ሁለት ቡድን ቅርባችን አለ፣ የዋሽንግተኑ ናሽናልስና የባልቲሞሩ ኦሪዮልስ፣ ከዛ ደግሞ ከኛ ሄደው ሌላ ቦታ የነገሱት አሉ። ማሊያ ርካሽ እቃ አይደለም፣ ገዝታችሁት በሁለተኛው ዓመት ሰውዬው ሌላ ከተማ ሲጫወት ማየት ደግሞ በጣም ነው የሚያናድደው። ስለዚህ የኔን ሃሳብ ከመጀመሪያው ልናገር፣ ሆምረኑን (ኳሱን ከሜዳ አስወጥቶ መምታቱን) ከማየታችሁ በፊት ኮንትራቱን እዩ።

ነገሩ የሚሰራው እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ትልቁ ሊግ ሜጀር ሊግ ገብቶ የ6 ዓመት ሰርቪስ ታይም (እዛ የቆየበት ጊዜ) እስኪሞላ ድረስ የቡድኑ ነው፣ ሲሞላ ፍሪ ኤጀንት ይሆንና ከፈለገው ጋር ይፈርማል። እስከዛ ድረስ ግን ቡድኑ እሱን ሳያማክር በትሬድ ሊልከው ይችላል። ብዙ ሰው "ወጣት ነው፣ ገና ብዙ ዓመት አለው፣ የትም አይሄድም" ይላል፣ እኔ በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቴ ሁዋን ሶቶ ነው።

ሶቶ በ2019 ናሽናልስ ሂውስተንን በሰባት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ሲበላ ገና ልጅ ነበር፣ ከተማው በሙሉ 22 ቁጥር ለብሶ ነበር። በ2022 የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ቀረበለት፣ እምቢ አለ። ቡድኑም ፍሪ ኤጀንት ሊሆን ከሁለት ዓመት በላይ እየቀረው ኦገስት 2 ቀን ከጆሽ ቤል ጋር አድርጎ ወደ ሳን ዲየጎ ላከው። ከዛ በ2023 መጨረሻ በሌላ ትሬድ የኒው ዮርኩ ያንኪስ ገባ፣ ከዛ በ2024 ዲሴምበር ከሌላው የኒው ዮርክ ቡድን ከሜትስ ጋር የ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ፈረመ። አስቡት፣ ቁጥሩ በአራቱም ቡድን 22 ነው፣ ሜትስ ላይ ቁጥሩን ለለቀቀለት ብሬት ቤቲ እንዲያውም መኪና ገዝቶለታል፣ ማሊያው ግን አራት ዓይነት ነው። ዛሬ የሶቶን ሜትስ ማሊያ ለሚገዛ ሰው 15 ዓመት ሲባል ሙሉ ዋስትና ይመስለዋል፣ ግን ኮንትራቱ ውስጥ ከ2029 ሲዝን በኋላ ሶቶ ከፈለገ ኮንትራቱን ትቶ የሚወጣበት ኦፕት አውት አለ፣ ሜትስ ይሄንን ማስቀረት የሚችለው ለቀሪዎቹ ዓመታት ክፍያውን ከፍ በማድረግ ነው። እንደኔ ሜትስ ይለቀዋል ብዬ አላስብም፣ ስለዚህ ኒው ዮርክ ያላችሁ ያለ ስጋት ግዙ። ዲሲ ያለ ሰው ግን ልቡ ከቻለለት ነው።

አሁን ጄምስ ዉድ። ከሶቶ ትሬድ ከመጡት ልጆች አንዱ ነው፣ የተወለደው ደግሞ ሮክቪል ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም፣ ያው የሰፈራችን ልጅ ማለት ነው። በ2025 ኦል ስታር (ለምርጦቹ ጨዋታ የተመረጠ) ሆነ፣ 31 ሆምረን መታ፣ ስትራይክአውቱ (ኳሱን ሳይመታ መውጣቱ) ቢበዛም ኳስ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ራሱ ይለያል። በጁላይ 2024 ስለገባ እስከ 2030 ድረስ በቡድኑ እጅ ነው። በወረቀት ከሁሉም ጥሩ ምርጫ ይመስላል። ግን ቡድኑ በ2025 አሰልጣኙንም ጀነራል ማናጀሩንም በሲዝን መሃል አባሮ አዲስ ሃላፊ ፖል ቶቦኒን አምጥቷል፣ አዲሱ ሃላፊ ደግሞ ከዛው ከሶቶ ትሬድ የመጣውን ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) መኬንዚ ጎርን ገና ሁለት ዓመት እየቀረው ለቴክሳስ ሬንጀርስ ሰጥቶ አምስት ወጣቶች ተቀብሏል። ቡድኑ እንደገና እየተሰራ ነው፣ እንደዚህ ያለ ቡድን ውስጥ ማንም አይነካም የሚባል ሰው የለም። ዉድን የሚነኩት አይመስለኝም፣ ከነኩት ደግሞ ይቅር የማይባል ነገር ነው፣ ግን ዋስትና የለም።

ኦሪዮልስ ጋ ስንመጣ ሁለት ሰው አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ብታዩ ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆናል። ኮርቢን በርንስ በፌብሩዋሪ 2024 ከሚልዋኪ በትሬድ መጣ፣ ምርጥ ፒቸር ነው፣ ሰው ተሯሩጦ ማሊያውን ገዛ፣ ግን ኮንትራቱ ላይ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር፣ ሲዝኑ እንዳለቀ አሪዞና በ6 ዓመት 210 ሚሊዮን ወሰደው። ፒት አሎንሶ ግን በ2025 ዲሴምበር ፍሪ ኤጀንት ሆኖ ከሜትስ መጥቶ 5 ዓመት 155 ሚሊዮን ፈረመ። ሁለቱም ሲመጡ የተሰማው ደስታ አንድ ዓይነት ነው፣ ለገዢ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አንድ ዓመት የቀረው ሰው በትሬድ ሲመጣ ማሊያውን ለመግዛት አትቸኩሉ፣ እስኪፈርም ጠብቁ። ሙኪ ቤትስ በ2020 በትሬድ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ሲገባ የቀረው አንድ ዓመት ነበር፣ በዛው ዓመት ጁላይ የ12 ዓመት 365 ሚሊዮን ፈረመ፣ የጠበቀ ሰው ስድስት ወር እንኳን አልጠበቀም።

ከናሽናልስ የሄደውን ብራይስ ሃርፐርን ሳላነሳ ባልፍ ጥሩ ነበር፣ እስካሁን ያመኛል፣ ግን ስለ ኮንትራት ከተነጋገርን ከሁሉም አስተማማኙ የሱ ነው። በ2019 ከፊላዴልፊያ ጋር ሲፈርም 13 ዓመት፣ 330 ሚሊዮን፣ ኦፕት አውት የለም፣ ያለሱ ፈቃድ ትሬድ ማድረግ አይቻልም። ያኔ 3 ቁጥሩን የገዛ ሰው ዛሬም በኩራት ይለብሰዋል። በኤፕሪል 2019 ዲሲ ተመልሶ ሲመጣ ስታዲየሙ በሙሉ ጮኸበት፣ እሱ ደግሞ ሆምረን መታብን። ፊላዴልፊያ ካላችሁ ከዚህ የተሻለ አታገኙም፣ ናሽናልስ ፓርክ ለብሶ የሚመጣውን ግን አልመክርም።

ሰው "ትልቅ ኮንትራት ሁሉ ኪሳራ ነው" ሲል እሰማለሁ፣ የናሽናልሱን ፒቸር ስቲቨን ስትራስበርግን እያነሳ። እውነት ነው፣ ከዋንጫው በኋላ 7 ዓመት 245 ሚሊዮን ፈርሞ በጉዳት ምክንያት 8 ጨዋታ ብቻ ነው የወረወረው። ግን ፒቸሩ ማክስ ሸርዘርስ? በ2015 በ7 ዓመት 210 ሚሊዮን መጣ፣ ሁለት ሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት) እዚሁ ወሰደ፣ ዋንጫ በላ፣ እስከ ጁላይ 2021 ቆየ። ለኔ ይሄ ቡድን ካወጣው ብር ሁሉ ምርጡ እሱ ላይ የወጣው ነው። የስትራስበርግ ማሊያ ራሱ እኮ አልከሰረም፣ የ2019 ወርልድ ሲሪስ ኤምቪፒ (ምርጥ ተጫዋች) ነው፣ ስታዲየም ስትሄዱ 37 ቁጥር ዛሬም ታያላችሁ። ማሊያ ገዢና ባለቤት የሚያሰሉት ሂሳብ አንድ አይደለም።

ወደ እቃው ስንመጣ፣ ሱቅ ውስጥ በጥቅሉ ሦስት ደረጃ ነው ያለው። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ የሚለብሱት ዓይነት አለ፣ ከሁሉም ውድ ነው። ከሱ ቀጥሎ ለደጋፊ የሚሰራው አለ፣ ብዙ ሰው የሚገዛው ይሄንን ነው። ሦስተኛው ስምና ቁጥር የታተመበት ቲሸርት ነው፣ ዋጋው ከማሊያው በጣም ያንሳል። ቅናሽ ላይ ስታገኙ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፣ በ2024 የወጣው አዲሱ ዲዛይን ላይ የስሙ ፊደል በጣም ትንሽ ነበር፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ቅሬታ አቅርበው ነው ወደ ትልቁ እንዲመለስ የተደረገው፣ እና የተረፈው የዛ ዓመት እቃ ነው አንዳንዴ በርካሽ የሚሸጠው። ከሩቅ ስሙ አይነበብም።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ለልጅ የዉድን ቲሸርት፣ ምክንያቱም ልጅ ያድጋል፣ ዉድ ቢሄድ እንኳን ቲሸርቱ ያኔ ጠቦታል። ባልቲሞር ለሚያዘወትር አዋቂ የአሎንሶን ሙሉ ማሊያ፣ 5 ዓመት በቂ ነው። ክርክር የሰለቸው የናሽናልስ ሰው ደግሞ የራያን ዚመርማንን 11 ይግዛ፣ በ2005 ቡድኑ ከሞንትሪያል እንደመጣ በድራፍት (ቡድኖች አዲስ ልጆች የሚመርጡበት) ተመርጦ ሌላ ቦታ ሳይጫወት ጨርሷል፣ ቁጥሩንም ቡድኑ ለሌላ ሰው አይሰጥም። አዲስ ለሚመጣ ማንኛውም ሰው ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፣ ስንት ዓመት ቀረው፣ ኦፕት አውት አለው ወይ፣ ትሬድ እምቢ የማለት መብት አለው ወይ። የሦስቱም መልስ ካላረካችሁ በጁላይ መጨረሻ ወይም በኦገስት መጀመሪያ ትሬድ የሚዘጋበት ቀን እስኪያልፍ ብሩን ኪሳችሁ አቆዩት።