የጅማ ሰዎች፣ የስዕል ደብተርና ብዕር በቴሌግራም ከመግዛታችሁ በፊት ከኋላ ገልጣችሁ እዩት

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከሥራ በተረፈች ሰዓት ለራሳቸው ለሚስሉ፣ ደግሞም ለልጆቻቸው የስዕል ዕቃ ለመግዛት ላሰቡ የጅማ ወላጆች ነው። በሰማያዊ ሳጥን ታሽጎ «የባለሙያ ሙሉ ስብስብ» እየተባለ በ2,850 ብር የሚሸጠውን ዕቃ ገዝቼ ተሸውጃለሁ። የሻጩን ስም አልጠራም። ስም ነገ ይቀየራል፣ ዕቃውን ብታውቁት ይሻላል።

ሠዓሊ አይደለሁም፤ የቡና መጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ግን ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሃያ ደቂቃ ሳልስል ከቤት አልወጣም። በቀን አንድ ገጽ ነው፤ ላጲስ የለም፣ የተበላሸ ገጽም አይቀደድም። መጀመሪያ የሳልኩት ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ነበር። ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ ስለምትወጣ መጋጠሚያ የላትም፣ ቀላል ትመስላለች፤ ሦስተኛዋን እግር የት እንደማቆማት ግን እስከ ዛሬ ታስቸግረኛለች። ቀጥሎ ጀበና፣ ቀጥሎ መንደራ ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ተደርድረው የሚቆሙ ባጃጆች፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የገበያው ሰው። ይህ ሁሉ በስክሪፕቶና በፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው። ሰው ከለመደ በኋላ ግን ያምረዋል። ጥላውን በመስመር ብቻ ከመደራረብ በብሩሽ ማልበስ ፈለግኩ። ለዚህ ደግሞ ውኃ ሲነካው የማይለቅ ቀለምና ውኃ የሚችል ወረቀት ያስፈልጋል።

ማስታወቂያው ያንኑ ነበር የሚለው። ባለ 60 ሉክ ኤ5 ደብተር፣ ወረቀቱ 160 ግራም፤ ከ0.05 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ጫፍ ያላቸው፣ «ውኃ የማያስለቅቃቸው» ዘጠኝ ጥቁር ብዕሮች፤ ከ2ኤች እስከ 8ቢ አሥራ ሁለት እርሳስ፤ ምርቃት ደግሞ ቀለም የሚሞላ ብዕር ከነጠርሙሱ። ግማሹን በቴሌብር ቀብድ ላክሁ፣ ቀሪውን አጂፕ ጋ ዕቃውን ላመጣው ልጅ ሰጠሁ። ልክፈተው ስለው «ጋሼ፣ ማሸጊያውን ከከፈቱት እንደገዙት ነው የሚቆጠረው ብለውኛል» አለኝ። የእሱ ጥፋት አይደለም፣ ተላላኪ ነው። የእኔ ነው። ዕለት ተዕለት ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ቡና አልፎ መሃሉ ድረስ ብረት እየሰደደ ናሙና የሚያወጣ ሰው፣ የታሸገ ሳጥን አቅፎ በባጃጅ ቤቱ ገባ። ከጆንያ አፍ ላይ ያለ ቡና ሁልጊዜ ቆንጆ ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

የደብተሩም ነገር እንደዚያው ነበር። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሉኮች በእርግጥ ወፍራምና ጥሩ ናቸው። ብዕሩ አይዘረጋባቸውም፣ ወደ ኋላ አያሳልፉም። በቀን አንድ ገጽ፣ በአንድ ፊት ብቻ ለሚስል ሰው አሥራ ሁለት ቀን ማለት ነው። በእነዚያ ቀናት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ግሩም ዕቃ ነው ግዙ» እያልኩ አንድ ሁለት ሰው አሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት መልኩ አንድ ዓይነት ነው፣ ሲዳሰስ ግን ይሳሳል። ለጥቂት ቀናት በስክሪፕቶ ስለሠራሁበት ልብ አላልኩትም።

ልብ ያልኩት ጅሬን ላይ ነው። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሰገነት ለመሳል ሦስት እሑድ ተመላለስኩ። የእንጨቱን ርብራብ የሳለ ሰው ድካሙን ያውቀዋል፤ ክፍተቱን እንጂ እንጨቱን አትስልም፣ እያንዳንዷን ክፍተት ትቆጥራለህ። በሦስተኛው እሑድ ማታ ደህና እንደደረቀ አይቼ፣ በቀጭኑ የተበጠበጠ ጥቁር ቡና በብሩሽ ነክሬ ጥላውን ላለብሰው ጀመርኩ። ቡና ለዚህ ሥራ ደስ የሚል ቡናማ ይሰጣል፣ በዚያ ላይ ጅማ ላይ የቡና እጥረት የለም። ብሩሹ ገና መስመሩን ሲያልፍ ጥቁሩ ወይን ጠጅ ሆነ። በጠርዙ ላይ ደግሞ ቢጫ ቀለበት አወጣ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሦስት እሑድ ሰገነት የቀይ ሥር ሰላጣ የተደፋበት መሰለ። ባለቤቴ አይታው ምንም አላለችም፤ ሻይ አፈላችልኝ።

ወይን ጠጅና ቢጫ መውጣቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ውኃ የማያስለቅቀው ጥቁር ብዙውን ጊዜ የካርቦን ደቃቅ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል፣ ወደ ሌላ ቀለም አይበተንም። ርካሹ ጥቁር ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚሟሙ ሁለት ሦስት ማቅለሚያዎች ቅልቅል ነው፤ ውኃ ሲያገኝ እያንዳንዱ በየፊናው ይሄዳል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ከጥላሸት ሲያዘጋጁ የኖሩት ያለ ነገር አይደለም፣ በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው ብራና ላይ ዛሬም ጥቁር ነው። የእነዚህን ብዕሮች መስመር ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ መስኮት ላይ ለጠፍኩት፤ በአምስት ሳምንት ፀሐይ ያገኘው ግማሽ ዝገት መሰለ።

ወረቀቱን ደግሞ መዘንኩት። በወረቀት ላይ የሚጻፈው «ግራም» የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው። አንድ ካሬ ሜትር የሚሞላው 16 ኤ4 ወይም 32 ኤ5 ወረቀት ነው። ስለዚህ 16 የኤ5 ሉክ ግማሽ ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ወረቀቱ እውነት 160 ግራም ከሆነ 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ከደብተሩ መጨረሻ 16 ሉክ ነቅዬ ለቡና ናሙና በምንጠቀምበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ 45 ግራም። ሲባዛ 90 ግራም ወረቀት ነው፣ ከተራው የፎቶ ኮፒ 80 ግራም ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ። ሚዛን የሌላችሁ ወርቅ ቤት ብትለምኑ ይመዝኑላችኋል።

እርሳሶቹ ላይ ብዙ አልቆይም። የ«ቢ» ቁጥር በጨመረ ቁጥር እርሳሱ ይበልጥ መጥቆር አለበት። 2ቢ፣ 4ቢ እና 6ቢ የተባሉትን ጎን ለጎን አጥቁሬ ቁጥሩን በጣቴ ከልዬ ልጄን የትኛው ይጠቁራል ብላት መለየት አልቻለችም።

ምርቃቱ ግን ተንኮል አለበት። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቀለም፣ የሚያሳዝነው፣ ከሳጥኑ ሁሉ ደህናው ዕቃ ነው፤ ውኃ አይነቀንቀውም። እንዲህ ያለ ሲደርቅ የሚጠነክር ቀለም ግን በብሩሽ ወይም እየተነከረ በሚጻፍበት ብዕር እንጂ ውስጡ በሚሞላ ብዕር አይሠራም። ቀጭኑ የቀለም መንገድ ውስጥ ይደርቅና ይደፍነዋል። ከሳጥኑ ጋር የመጣው የአጠቃቀም ወረቀት ግን ብዕሩን በዚህ ቀለም ሙሉት ይላል። ሞላሁት፣ በሦስተኛው ቀን ብዕሩ ሞተ። ለብ ባለ ውኃ አዳር ነክሬዋለሁ፣ አልተመለሰም።

ገንዘቡ ያናድዳል፣ ግን ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ገንዘቡ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ እናቷ በእኔ ምክር ይህንኑ ሳጥን ገዛችላት። ከወር በኋላ መሳል እንደተወች ሰማሁና ጠየቅኳት። «ጋሼ፣ እጄ እንቢ አለኝ፤ መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ ከዚያ መስመሬ ሁሉ ይዘረጋል» አለችኝ። ደብተሩን አምጪው አልኳትና አየሁት። አሥራ ሦስተኛው ሉክ ላይ ነው እጇ «እንቢ ያለው»። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወረቀቱን ሳይሆን ራሷን ስትወቅስ ከርማለች። ጀማሪ የሚያወዳድርበት ነገር የለውም፤ «የባለሙያ» የተባለ ዕቃ ሲበላሽበት ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል። ሻጩ የሚተማመነውም በዚህ ይመስለኛል።

ለሻጩ ፎቶ ላክሁለት። መጀመሪያ «ማሸጊያው ተከፍቷል ወንድሜ» አለ። ቀጥሎ «ጅማ እርጥበት ነው፣ ወረቀቱ ጠጥቶ ነው» አለ። እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለው፣ ክረምታችን ረጅም ነው፣ እርጥበት የጠጣ ወረቀትም ቀለም ይዘረጋል። ግን በዚያው መደርደሪያ፣ በዚያው ክረምት የተቀመጠው የፎቶ ኮፒ ወረቀቴ ምንም አልሆነም። ደግሞስ እርጥበቱ አሥራ ሁለቱን ሉክ ዘሎ ነው የሚጀምረው? ይህን ስጽፍለት ብሎክ አደረገኝ።

የሸማች ሕጋችን፣ ማለትም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ዕቃው ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። እንግዲህ አሥራ ሁለቱን ጥሩ ሉኮች ከ15 ቀኑ ጋር አስተያዩት። አስቦበት ይሁን ሳያስብበት አላውቅም፣ እኔ ግን ስነቃ ከወር በላይ አልፎኝ ነበር። ደረሰኝም አልያዝኩም፣ በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክትና የቻቱ ፎቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት «ስረከብ ከፍቼ ሞክሬ ነው የምከፍለው» በሉት። እንቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል። እሺ ካለም ደብተሩን ከመሃልና ከኋላ ግለጡት፣ የፊቱን ሉክ ከኋለኛው ጋር በጣታችሁ መሃል አሹት። ከኋለኛው ሉክ ላይ በብዕሩ አንድ መስመር አስምሩ፣ ዕቃውን ካመጣው ልጅ ጋር አምስት ደቂቃ ተጫወቱ፣ ከዚያ ጣታችሁን በምራቅ አርሳችሁ ጎትቱበት። ሰው ቢያይም ይይ። ከለቀቀ ሳጥኑን መልሱለት። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ለስክሪፕቶ ብቻ የምትፈልጉት ከሆነ የወረቀቱ ውፍረት ያን ያህል አያሳስባችሁ።

እኔ አሁን ወደ ቀድሞዬ ተመልሻለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት ለሁለት አስቆርጬ በስፓይራል አስጠርዣለሁ፣ ስክሪፕቶዬን ይዣለሁ። የስክሪፕቶ ቀለም ቅባትነት ስላለው ቡናውን በስሱ ሳለብሰው ብዙም አይለቅም፣ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ግን እሱም ይደበዝዛል። ለጥላ የሚሆን ወፍራም ወረቀት ከፈለግኩ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በነጠላ እየዳሰስኩ እገዛለሁ። ለጎረቤቴም ልጅ እንዲሁ አስጠርዤላታለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከገበያ የሸንኮራ አገዳ ነዶ ስላ አሳየችኝ።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ አንድ ጓደኛዬ አዲስ ማስታወቂያ ላከልኝ። የገጹ ስም ሌላ ነው፣ ሳጥኑ አረንጓዴ ሆኗል፣ ዋጋውም 3,200 ብር ደርሷል። ፎቶው ላይ ያለው የቀለም ጠርሙስ ግን ያው ነው፤ ክዳኑ ላይ ያለችው ጭረት እንኳ አልተለወጠችም።