የሪፐብሊካንና የዴሞክራቲክ ፓርቲዎች የ2024 መርሐ ግብሮች፦ ለመራጭ አንባቢ የቀረበ ግምገማ

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ከተዘጋጁ ወገኖቻችን መካከል «የአሜሪካ ሁለቱ ዋና ዋና የፖለቲካ ፓርቲዎች እነማን ናቸው?» የሚለውን ጥያቄ ያላጠና ጥቂት ነው። መልሱ ዴሞክራቲክና ሪፐብሊካን ነው፤ ፈተናው ስለ ልዩነታቸው አይጠይቅም። ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ ግን አዲሱ ዜጋ የሚሰማው ከዩቲዩብ ተንታኞች፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከሚደረግ ጨዋታና ከታክሲ ሾፌሮች ክርክር ነው። ፓርቲዎቹ ራሳቸው ስለ ራሳቸው የጻፉት፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ከኢንተርኔት አውርዶ ሊያነበው የሚችል ሰነድ እያለ በወሬ ብቻ መምረጣችን ያሳዝነኛል። ስለዚህ ሁለቱ ፓርቲዎች ለ2024ቱ ምርጫ ያወጧቸውን መርሐ ግብሮች ጎን ለጎን አድርጌ አንብቤ ግምገማዬን እነሆ አቀርባለሁ። መመዘኛዬ፣ ሰነዱን አንብቦ የጨረሰ ሰው ፓርቲው ሥልጣን ቢይዝ በኑሮው ላይ ምን እንደሚለወጥ ለይቶ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። በአገራቸው ምርጫ እንደ ልባቸው ድምፅ ሰጥተው ለማያውቁ ብዙ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሪፐብሊካኑ ልጀምር። ሰነዱ የጸደቀው እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 2024 በሚልዋኪ ከተማ በተከፈተው የፓርቲው ጉባኤ ሲሆን፣ ርዝመቱ 16 ገጽ ብቻ ነው። መታሰቢያነቱን ለተረሱት የአሜሪካ ወንዶችና ሴቶች ካደረገ በኋላ፣ ከመግቢያው ቀጥሎ 20 ተስፋዎችን በተራ ቁጥር ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ አንባቢው ላይ የሚጮኹ እስኪመስሉ ድረስ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ ናቸው። የመጀመሪያው ተስፋ ድንበሩን መዝጋት ነው፤ ሁለተኛው በአሜሪካ ታሪክ ትልቁን ስደተኞችን የማባረር ዘመቻ ማካሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ንግድ፣ ስለ አረጋውያን፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መሳሰሉት የሚያትቱ 10 አጫጭር ምዕራፎች ይከተላሉ። እንግሊዝኛው ቀላል፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር በመሆኑ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው እራት እስኪቀርብ ድረስ አንብቦ ሊጨርሰው ይችላል። ሁለት ሥራ ለሚሠራ፣ እንግሊዝኛንም በጉልምስናው ለተማረ መራጭ ይህ ትልቅ ጥቅም ስለሆነ፣ ሰነዱን በአጭርነቱ የሚያናንቁ ተቺዎች ከዚህ አንጻር አንባቢውን የዘነጉት ይመስለኛል።

አጭርነቱ ግን ለአንባቢው ከማሰብ ብቻ የመጣ አይደለም። ይኸው ፓርቲ በ2016 ያወጣው መርሐ ግብር 60 ገጽ ገደማ የነበረና ብዙ ዝርዝር የያዘ ነበር። በ2020 ደግሞ አዲስ መርሐ ግብር ሳይጽፍ የቀደመውን ይዞ ለመቀጠልና የፕሬዚዳንቱን አጀንዳ ለመደገፍ ወስኖ አለፈ። በ2024 የቀረበው ሰነድ በአነጋገሩም በአቀማመጡም የዕጩውን የዶናልድ ትራምፕን ድምፅ የያዘ ነው። ከሁለቱ ፓርቲዎች ልዩነት ሁሉ ቀድሞ ሊታወቅ የሚገባውም ይኸው ይመስለኛል፤ አንደኛው ፓርቲ በአሁኑ ጊዜ የሚናገረው በአንድ መሪ አንደበት ሲሆን፣ ሌላኛው የብዙ ቡድኖች ጥምረት በመሆኑ ሁሉንም ሳያነሣ መናገር አይችልም። ይህ ልዩነት በይዘቱ ላይ ከሚታዩት ልዩነቶች አብዛኞቹን ያብራራል።

የሪፐብሊካኑ ሰነድ ዋና ጉድለት ተስፋዎቹ እንዴትና በምን ገንዘብ እንደሚፈጸሙ አለመናገሩ ነው። በሬስቶራንት፣ በሆቴልና በመኪና ማቆሚያ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችንን የሚነካውን አንዱን ልውሰድ። ከ20ዎቹ ተስፋዎች በስድስተኛው ላይ ቲፕ ከቀረጥ ነጻ ይሆናል ተብሎ በቃለ አጋኖ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 ተፈርሞ የወጣው ሕግ ግን ከገቢ ግብር ተቀናሽ እንዲሆን የፈቀደው በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርሰውን ቲፕ ሲሆን፣ የሚሠራውም ከ2025 እስከ 2028 ላሉት ዓመታት ብቻ ነው፤ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከደመወዝ የሚቆረጠው እንደ ቀድሞው ይቆረጣል። ተስፋው በከፊል ተፈጽሟል፤ ለብዙ አስተናጋጆችም እውነተኛ ጥቅም አለው። ሆኖም ጣሪያው፣ የጊዜ ገደቡና ያልተነካው ተቀናሽ በሰነዱ ላይ በአንድ መስመር እንኳ ስላልተጠቆሙ፣ አንባቢው የገባው ተስፋና የደረሰው ሕግ የተለያዩ ሆነውበታል።

የዴሞክራቲኩ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2024 በቺካጎ የጸደቀ ሲሆን፣ 9 ምዕራፎችና ወደ 90 የሚጠጉ ገጾች አሉት። ጉባኤው የተካሄደበት መሬት ቀድሞ የነባር ሕዝቦች እንደነበረ በማስታወስ ይጀምራል፤ ከዚያም ሠራተኛ ማኅበራትን፣ ጥቁር አሜሪካውያንን፣ ሴቶችን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ የቀድሞ ወታደሮችን፣ አርሶ አደሮችንና ሌሎችንም በየተራ እያነሣ፣ እያንዳንዱ አባል የተናገረው ሳይቀር እንደሚመዘገብበት የዕድር ቃለ ጉባኤ ይረዝማል። በየርዕሱ በመጀመሪያ የባይደን አስተዳደር የሠራው ይዘረዘራል፤ ቀጥሎ ትራምፕ ያደረገው ወይም ሊያደርግ ያሰበው ይነቀፋል፤ ወደፊት የሚሠራው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንባቢው የሚፈልጋትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ብዙ የምስጋናና የወቀሳ አንቀጽ ማለፍ አለበት።

ይሁን እንጂ ትዕግሥት ያለው ሰው በዚህ ሰነድ ውስጥ ሊይዘው የሚችል ቁጥር ያገኛል። በዓመት ከ400,000 ዶላር በታች ገቢ ባላቸው ሰዎች ላይ የገቢ ግብር እንደማይጨመር፣ የኩባንያዎች ግብር ከ21 ወደ 28 በመቶ ከፍ እንደሚል፣ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በመላ አገሪቱ ቢያንስ 15 ዶላር እንዲሆን ፓርቲው እንደሚታገል ተጽፏል። የመጨረሻው ለማን እንደሚጠቅም ቦታ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በራሷ ሕግ 15 ዶላር ስለደረሰች ለሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ተስፋው አዲስ ነገር አያመጣም፤ በዳላስ ወይም በአትላንታ ለሚሠራ ሰው ግን የፌዴራል ሕጉ መለወጥ ትልቅ ትርጉም አለው። የሪፐብሊካኑ ሰነድ በበኩሉ የሠራተኛውን ገቢ አሻሽላለሁ የሚለው ግብር በመቀነስ፣ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ቀረጥ በመጣልና የነዳጅ ምርትን በማሳደግ ነው። መንግሥት ለቀጣሪው ደንብ አውጥቶ ሠራተኛውን ይርዳ ወይስ ግብርና ደንብ ቀንሶ ገበያውን ይልቀቀው የሚለው የቆየ ክርክር በሁለቱ ሰነዶች ውስጥ ሳይለወጥ ይገኛል።

በዴሞክራቲኩ ሰነድ ላይ ይቅር የማልለው ስሕተት አለ። የፓርቲው የመርሐ ግብር ኮሚቴ ድምፅ የሰጠው ጁላይ 16 ቀን ነበር፤ ፕሬዚዳንት ባይደን ከውድድሩ የወጡት ጁላይ 21 ቀን ነው። ጉባኤው እስኪከፈት ድረስ አራት ሳምንት ያህል ጊዜ ቢኖርም፣ ሰነዱ ዕጩዋን ካማላ ሃሪስን እንዲያንጸባርቅ ሆኖ አልታረመም። ስለ ባይደን ሁለተኛ የሥራ ዘመን እንደተናገረ በቺካጎ ቀርቦ ጸደቀ። ፓርቲው ኮሚቴው ቀድሞ መወሰኑን በመግለጽ ሊያስረዳ ሞክሯል፤ ነገር ግን ለምርጫ የማይቀርብ ሰው በሚቀጥሉት አራት ዓመታት ይሠራዋል የተባለውን ሥራ ዘርዝሮ ለመራጭ መስጠት፣ ሰነዱን ማንም አያነበውም ብሎ እንደ መናገር ይቆጠራል። አንባቢውን ከልቡ የሚያከብር ፓርቲ ይህን አያደርግም ነበር።

ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉ በላይ የሚመዝኑት የስደት ጉዳይን የያዙት ምዕራፎች ናቸው። በሪፐብሊካኑ ሰነድ ምዕራፍ ሁለት፣ በዴሞክራቲኩ ምዕራፍ ሰባት ላይ ይገኛሉ። ብዙ ሰው ልዩነቱ ሕጋዊ ወረቀት በሌላቸው ስደተኞች ላይ ብቻ ያለ ይመስለዋል። የሪፐብሊካኑን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን በሕጋዊ መንገድ የሚመጣውንም የሚነካ አንቀጽ ያገኛል፤ ወደ አሜሪካ የሚገባው ሰው በችሎታው ተመዝኖ እንዲመረጥና «ቼይን ማይግሬሽን» የሚሉት ዘመድ ዘመድን የሚያመጣበት መንገድ እንዲቆም ይጠይቃል። ዜጋ ሆኖ እናቱን፣ አባቱን ወይም ወንድሙን ለማምጣት ፎርም ለሞላ፣ ወይም ለመሙላት ለሚያስብ ኢትዮጵያዊ ከ16ቱ ገጾች ውስጥ ከዚህ አንቀጽ የበለጠ የሚመለከተው የለም። በየመድረኩ ሲነበብና ሲብራራ አለመስማቴ ይገርመኛል። የዴሞክራቲኩ ምዕራፍ ቤተሰብ የሚገናኝበትን መንገድ ይደግፋል፤ በልጅነታቸው ለመጡ ወጣቶችና ለሌሎችም የዜግነት መንገድ እንዲከፈት ይጠይቃል። ይሁንና እሱም ቢሆን ከቀድሞው የፓርቲው አነጋገር ጠንከር ያለ ነው፤ ድንበር ላይ ጥበቃ እንዲጠናከርና የጥገኝነት ጥያቄ በፍጥነት እንዲወሰን ይሻል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ቢሆንም፣ አንዱ በሩን ከፍቶ ሌላው ዘግቷል ብሎ መናገር ሰነዶቹን ካለማንበብ የሚመጣ ነው።

ይህ ልዩነት ሁልጊዜ እንዲህ እንዳልነበረ ለማስታወስ ዲቪን ማንሣት ይበቃል። የዲቪ ሎተሪን ያስገኘው የ1990 የኢሚግሬሽን ሕግ በምክር ቤት የተመራው በዴሞክራቱ ሴናተር በኤድዋርድ ኬኔዲ ሲሆን፣ ፈርመው ሕግ ያደረጉት ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ ናቸው። በ2017 ደግሞ ሁለት ሪፐብሊካን ሴናተሮች ዲቪን የሚያስቀር ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ትራምፕም ደገፉት። በዲቪ የመጣ ወገን ለመምጣቱ አንዱን ፓርቲ ብቻ ማመስገን አይችልም፤ ዛሬ ያሉት ፓርቲዎችም ያኔ የነበሩት አይደሉም።

ስለ ሃይማኖትና ስለ ጽንስ ማቋረጥ በአጭሩ ላንሣ። ሪፐብሊካን ፓርቲ ጽንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ ይከለክላል የሚል እምነት በምእመኖቻችን ዘንድ ተስፋፍቷል። የ2024ቱ ሰነድ ግን ጉዳዩን ለየክፍለ ግዛቶቹ ይተዋል፤ በእርግዝና መጨረሻ ወራት የሚደረገውን እቃወማለሁ ይላል፤ የወሊድ መከላከያንና በላብራቶሪ የሚደረግ የጽንስ ሕክምናን ይደግፋል። ይህም ከ2016ቱ ሰነድ በግልጽ የለዘበ ነው። የዴሞክራቲኩ ሰነድ «ሮ ዌይድ» የተባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይሰጠው የነበረው ጽንስ የማቋረጥ መብት በፌዴራል ሕግ እንዲመለስ ይጠይቃል። በሃይማኖቱ ምክንያት ድምፁን ለአንዱ የሚሰጥ ሰው የቀድሞውን ሳይሆን የአሁኑን ጽሑፍ ቢያነብ ይሻለዋል።

የትውልድ አገራችንን ጉዳይ በእነዚህ ሰነዶች ፈልጎ ለማግኘት የሚያስብ አንባቢ ቅር ይለዋል። የዴሞክራቲኩ ሰነድ ስለ አፍሪካ አንድ ክፍል ሲኖረው፣ የሪፐብሊካኑ ለአፍሪካ የተለየ ክፍል የለውም። ሆኖም ብዙዎቻችን ድምፃችንን የሰጠነው በዚህ መስፈርት ነው። ትራምፕ በኦክቶበር 2020 ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ልታፈነዳው ትችላለች ማለታቸው ብዙ ሰው ወደ ዴሞክራቶች ገፋ። የባይደን አስተዳደር በጦርነቱ ጊዜ የማዕቀብ ትእዛዝ ሲያወጣና ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል ሲያስወጣ፣ ቁጣው ወደ ሌላው ወገን ዞረ፤ በኖቬምበር 2021 በቨርጂኒያ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን የቀሰቀሱ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ የሚታወስ ነው። ለኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ከለላ፣ ማለትም ቲፒኤስ፣ በኦክቶበር 2022 የፈቀደውም ያው ያስወጣን አስተዳደር ነበር። ከእነዚህ አንዱንም በመርሐ ግብር ማንበብ አይቻልም ነበር፤ ሰነዶቹ በዚህ ረገድ አንባቢውን አይጠቅሙም።

ሁለቱም ለአማርኛ አንባቢ ሳይታሰብ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛን ከሚያገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሲያደርግ፣ ድምፃችንን የሚፈልጉት ፓርቲዎች ከዚያ ማነሳቸው የሚያስወቅሳቸው ነው።

ሰነዶቹን ለማግኘት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ቅርንጫፍ የሚያስተዳድረውን «ዘ አሜሪካን ፕሬዚደንሲ ፕሮጀክት» የተባለ ድረ ገጽ እመክራለሁ። ከ1840 ወዲህ የወጡትን የፓርቲ መርሐ ግብሮች ሰብስቦ ያለ ማስታወቂያና ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ጽሑፉን ቀድቶ ወደ መተርጎሚያ ማስገባትም ይቻላል። የሪፐብሊካኑን እንዳለ፣ የዴሞክራቲኩን ግን ከምዕራፍ ሰባት ጀምሮ ወደ ምዕራፍ ሁለትና ሦስት በመመለስ ማንበብ ጊዜ ይቆጥባል። ፎርም ሞልቶ ዘመድ የሚጠብቅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱን የስደት ምዕራፎች ጎን ለጎን ያስቀምጥ።